ምርቃት ባለቀ ማግስት፦ ባሕር ዳር፣ ተማሪዎቿና ነጋዴዎቿ

ምርቃት ባለቀ ማግስት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው የባሕር ዳርን ገበያ ይረዳዋል። ትናንት እዚህ መቆሚያ አልነበረም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወላጆች ከባጃጅ ሲወርዱ፣ ጋዋን የለበሱ ልጆች ዘንባባ ሥር ፎቶ ሲነሱ፣ አበባ ሻጩና ኬክ ቤቱ እጅ ሲያጥራቸው ነበር የዋለው። ዛሬ ሻንጣ የሚጎትቱ ልጆች ወደ መናኸሪያ እየሄዱ ነው። ነገ የኮፒ ቤቱ ማሽን ይዘጋል። ሽሮ ቤቱ ከሁለት አብሳዮች አንዷን ያሰናብታል። ሰርቪስ ቤት ያከራዩ እናት በራቸው ላይ «የሚከራይ ቤት» ብለው ይለጥፋሉ።

ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ሁሉም ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ባሕር ዳር ከ60 ዓመት በላይ የተማሪ ከተማ ናት። ይህን ያህል ዘመን ትምህርት ቤት አቅፋ የኖረች ከተማ ነጋዴዋ ለምን እስካሁን የተማሪውን መምጣትና መሄድ እያየ ይሰጋል? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ ሄጄ ከተማዋ እንዴት እንደተሠራች ማየት ነበረብኝ። መልሱ ያለው እዚያ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካ፣ ፖሊ እና መብራት

የጣና ዳሯ መንደር ጥንት የምትታወቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በግቢው ውስጥ ፔድሮ ፓኤዝ ከሚባለው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ጋር ስሙ የሚነሳ የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ አለ። ሐይቁ ላይ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ሠርተው ዓሣ ያጠምዱ፣ እህልና እንጨት ያመላልሱ ነበር። ጣሊያን በ1928 ሲገባ የአስተዳደር ማዕከል አደረጋት። መንገድና አውሮፕላን ማረፊያ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው መንደሯ ከተማ መምሰል የጀመረችው።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ ገንዘቡ ጣሊያን ለጦርነቱ ከከፈለችው ካሳ ነበር። በ1955 የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በሶቪየት ኅብረት ትብብር። በ1956 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋ ዋት። በእነዚያው ዓመታት ማክስ ጉተር የሚባሉ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር የከተማዋን ፕላን ነደፉ። ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ መንገዶች የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ውጤት ናቸው።

ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩአቸው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፋብሪካው ይፈትለዋል፣ ይሸምነዋል። ማሽኑን የሚያዞረው መብራት ከከተማዋ ብዙም ከማይርቀው ፏፏቴ ይመጣል። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፖሊ ውስጥ ይሠለጥናል፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ኤሌክትሪክ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎች መካከል ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ተማሪ ለመሰብሰብ አልነበረም። ከተማዋ የምትሠራው ሥራ ስለነበራት፣ ለዚያ ሥራ ሰው ለማዘጋጀት ነው። የባሕር ዳር አንሶላ በየቤቱ የገባው በዚህ መንገድ ነው። አያቶቻችን ለሙሽራ ሲያሰናዱ ስሙን ጠርተው ይገዙት ነበር።

ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። ያ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነበር። የአካባቢው ነጋዴ ድርሻ ለፋብሪካ ሠራተኛው ምሳ ማቅረብና ቤት ማከራየት ነበር። ግን አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ነበረው፦ ዕውቀቱ፣ ጥሬ ዕቃውና ሥራው አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው የሚል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛው ትምህርት ቤት መጣ። የፔዳጎጂ አካዳሚ ይባላል፤ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ ያቋቋመው። ሥራው መምህራንን ማሠልጠን ነበር። «ፔዳ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ዛሬ ግቢው ውስጥ ብዙ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል፤ የባጃጁ ሾፌር ግን አሁንም «ፔዳ ፔዳ!» እያለ ነው የሚጣራው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1968 የግል ሥራ ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፦ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዓይነት ሥራ መያዝ አይችልም ነበር። ይህን ሕግ ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን ለባሕር ዳር ነጋዴ ትልቅ ጠባሳ ጥሎ ያለፈ ይመስለኛል። ፋብሪካና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ባሉበት ከተማ ከፖሊ የወጣ ጎበዝ ልጅ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ማሳደግ የሚችልበት ዘመን ነበር። በሩ ተዘጋ። ሥልጠናው ቀጠለ። ተመራቂው ግን የሚጠብቀው የመንግሥት ምደባን ሆነ። አንድ ትውልድ ሙሉ «ተምሬ እቀጠራለሁ» ብሎ አደገ። «ተምሬ እከፍታለሁ» የሚል አልነበረም።

ቀሪው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1984 አካባቢ ባሕር ዳር የአማራ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮው ሁሉ መጣ። በ1992 ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በ1987 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 96,140 ነበር። በ1999 ቆጠራ 155,428 ሆነ። ከ60 በመቶ በላይ ዕድገት ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት። ግቢዎቹም በዙ፦ ዘንዘልማ፣ ይባብ፣ ሰላም፣ ግሽ ዓባይ፣ ሰባታሚት ላይ ደግሞ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። በ1994 ዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማትን ሰጣት።

ነጋዴውም ይህን አይቶ ወደ ግቢው በር ተጠጋ።

ነን ካፌ

የእኛን ሀገር የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር አለ። ስለ ሌሎች ሀገሮች የኮሌጅ ከተሞች የሚወራው ስለ ተማሪ ኪራይና ተማሪ ስለሚበላባቸው ምግብ ቤቶች ነው። እዚህ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በደንቡ ዶርም ውስጥ ይተኛል፣ ግቢ ካፌ ይበላል። ወጪውን በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ነው የሚማረው። ስለዚህ በር ላይ ያለው ነጋዴ የሚያገኘው የተማሪውን ሙሉ ወጪ አይደለም፤ ከቤት ከሚላክለት የተረፈውን ነው። ቡና፣ ሳምቡሳ፣ ኮፒ፣ የሞባይል ካርድ፣ ፀጉር ቤት፣ ቅዳሜ ማታ ጁስ።

ከዚህ የሚለየው ነን ካፌ ተማሪ ነው። ነን ካፌ ማለት የግቢውን ምግብ ትቶ የምግብ በጀቱን በብር የሚወስድ ተማሪ ነው። ይህ ገንዘብ ከግቢ ውጭ ነው የሚበላው። ለበር ላይ ምግብ ቤት ይህ ልጅ የወር ደንበኛ ነው። ብዙ ቦታ በወር ኮንትራት ይበላሉ፤ ስሙ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ገንዘቡ ሲገባ ይከፍላል።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር። ቀጥሎ 22 ብር ሆነ። በ22 ብር ዘመን የወሩ 660 ብር ነው። ከ2017 ጀምሮ በጀቱ 100 ብር ሲሆን የወሩ 3,000 ብር ሆነ። ለምሳሌ 1,000 ነን ካፌ ተማሪ ቢኖር በወር 3 ሚሊዮን ብር ከግቢ ወጥቶ ወደ ከተማዋ ምግብ ቤቶች ይገባል ማለት ነው። በድሮው ሒሳብ 660,000 ብር ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በእርግጥ የጤፍና የዘይት ዋጋም ዝም ብሎ አልጠበቀም። ሽሮ ቤቷ ከዚያ 3,000 ብር ውስጥ ትርፍ የምታወጣው በጥንቃቄ ካሰላች ብቻ ነው። ልጁ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። በአንድ ጊዜ 33 ብር ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ ሒሳብ ቁርስን የሚዘል ልጅ ብዙ ነው።

ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። የተማሪ ምግብ ላይ የሚሠራ ሰው ትርፉ ከብዛት እንጂ ከዋጋ አይመጣም። ብዛት ደግሞ ትልቅ ድስት፣ በጅምላ የተገዛ ሽንኩርትና ሰዓቱን የሚጠብቅ አገልግሎት ይፈልጋል። በር ላይ የተደረደሩት አሥር ትንንሽ ምግብ ቤቶች እያንዳንዳቸው ሽንኩርት በኪሎ ይገዛሉ። አምስቱ ተነጋግረው ከገበሬው ወይም ከማኅበሩ በኩንታል ቢገዙ ልዩነቱ ኪሳቸው ውስጥ ይቀራል። እቁብ የሚጥል ሰው ለዚህ አይከብደውም። ባህሉ አለን፤ ለሠርግና ለቤት ሥራ የምንጠቀምበትን መተማመን ወደ ጓዳው ማምጣት ነው የቀረው።

የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂ ተማሪው፣ ገበያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ተመራቂው ዓመት ከገባ ጀምሮ ወጪ ያወጣል። 100 ቀን ሲቀረው ድግስ፣ ከለር ዴይ፣ የባህል ልብስ ቀን፣ ቲሸርት፣ መጽሔት፣ ፎቶ፣ ሱፍ፣ ቀሚስ። ይህ ገንዘብ ከቤተሰብ በስስት ተጠራቅሞ የሚመጣ ነው። ትልቁ ክፍል ግን ከተማዋ ውስጥ አይቀርም። ቲሸርቱና ጨርቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ እዚህ የሚቀረው የማተሚያው ዋጋ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ባለበት ከተማ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ደንበኛው ሲጠፋ

የተማሪ ገበያ ቀጭን ከመሆኑ ሌላ ድንገት ይቆማል።

መጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ተማሪው በቀናት ውስጥ ወደ ቤቱ ተላከ። ለሰኔ ብሎ ወረቀትና ቀለም የገዛ ኮፒ ቤት ዕቃውን ታቅፎ ቀረ። የደብተር ዱቤ የነበረው ምግብ ቤት ዱቤው ከተማሪው ጋር ሄደ። በነሐሴ 2015 ደግሞ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገባ። አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። የማታ ሥራ የሚሠራ ባጃጅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ፣ በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ ወጣት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተመቱ። የሞቱትንና የቆሰሉትን ሳስብ ስለ ገበያ ማውራት ይከብደኛል። ግን የቀሩትም መብላት አለባቸው፤ ስለዚህ አወራለሁ።

ሦስተኛው ነገር ጸጥ ብሎ የመጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። ያላለፉ ተማሪዎች የሚወስዱት ሬሚዲያል (ማካካሻ) ፕሮግራም ክፍተቱን በከፊል ሞላ። ቢሆንም የፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት) ተማሪ ብዛት ድሮ እንደነበረው አይደለም። በዚያ ላይ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ 10 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ደብረ ታቦርም፣ እንጅባራም፣ ደብረ ማርቆስም ግቢ አላቸው። ድሮ ለመማር ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መምጣት የነበረበት ልጅ አሁን አጠገቡ ሊመደብ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ነው። በፍሬሽ ተማሪ ብዛት ላይ ብቻ ሱቅ የከፈተ ሰው የራሱ ባልሆነ ውሳኔ ላይ ሕይወቱን አስሯል። ፈተናው አዲስ አበባ ይወሰናል፣ ምደባው አዲስ አበባ ይወሰናል።

አስታማሚውና ክረምተኛው

ታዲያ የማይሄደው ደንበኛ የትኛው ነው? እኔ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሰው አለ እላለሁ። አስታማሚው።

ጥበበ ግዮን የሚገኘው ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ሰባታሚት ላይ ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ከአዴት፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከዚያም ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች ታማሚ ይላካል። አንድ ታማሚ ሲተኛ ቢያንስ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው አብሮ ይመጣል። ከተማውን አያውቁትም። አልጋ መያዝ ይከብዳቸዋል። ከቤት ይዘውት የመጡት በሶና ድርቆሽ በሁለት ቀን ያልቃል። የስልካቸው ባትሪ ያልቃል። መድኃኒት ውጭ ግዙ ሲባሉ የት እንደሚገኝ ማን ይንገራቸው? ፎቶ ኮፒ አምጡ ሲባሉ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ፈልጉ ሲባሉ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ምርመራ ሌላ ቦታ አሠሩ ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል።

ሆስፒታል ክረምት ብሎ አይዘጋም። ፈተና ወደቁ ብሎ አይቀንስም። በጦርነት ጊዜ እንኳ መንገድ ካልተዘጋ ሰው ይመጣል። ለዚህ ሰው ንጹሕ የሆነ ርካሽ አልጋ፣ አጥሚትና ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ መንገድ የሚያሳይ ታማኝ ልጅ ያስፈልገዋል። ይህ ሥራ ቢመስልም በደንብ ካያችሁት ደግነትም ነው። ሰውን በችግሩ ሰዓት ሳይበዘብዙ ማገልገል ስም ያተርፋል፤ በገጠር ደግሞ ስም ከማስታወቂያ በላይ ይሄዳል። «እዚያ ቤት እረፉ፣ አያስቸግሯችሁም» የሚለው ቃል ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ይደርሳል።

ሁለተኛው የማይጠፋ ደንበኛ ክረምተኛው ነው። ምርቃት ሲያልቅ ፔዳ ጭር ይላል ብያለሁ፤ ጨርሶ ባዶ ግን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ከየወረዳው መምህራን ለክረምት ትምህርት ይገባሉ። ደመወዝ ያላቸው፣ ቤተሰብ ያላቸው አዋቂዎች ናቸው። ፍላጎታቸው ከፍሬሽ ተማሪ የተለየ ነው። ለትምህርት ቤታቸው መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ለልጆቻቸው የደንብ ልብስ ያሰፋሉ፣ ላፕቶፕ ያሠራሉ፣ ጥናታዊ ጽሑፋቸውን ያስጽፋሉ። ማስጻፍ ስል መተየብና ማስተካከል ማለቴ ነው፤ የሌላን ሰው ጥናት ሠርቶ መሸጥ በየኮፒ ቤቱ የሚታይ ክፉ ልማድ ነውና ማንም እንዲገባበት አልመክርም። ክረምተኛውን የሚያውቅ ሱቅ በመስከረም የያዘውን ዕቃ በሰኔ ይቀይራል። ይህን የሚያደርጉ ጥቂት ናቸው።

በበሩ ሳይሆን በግዢ ክፍሉ

የግቢው ትልቁ ገዢ ተማሪው አይደለም። ግቢው ራሱ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ የሚመግብ ተቋም በየቀኑ ስንት እንጀራ፣ ስንት ዳቦ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት ኩንታል ምስር እንደሚፈልግ አስቡት። ወንበር ይሰበራል፣ የውኃ ቧንቧ ይፈነዳል፣ የላብራቶሪ ጋዋን ይሰፋል፣ ፍራሽ ይቀየራል። ይህ ሁሉ በጨረታ ይገዛል። በር ላይ ሳምቡሳ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ የጨረታ ሰነድ ከፍቶ አያውቅም። «ለትልልቆች ነው» ይላል።

ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ግን በመንግሥት ግዢ ውስጥ ልዩ አስተያየት አለ። እንጀራ ጋግረው ለግቢ የሚያቀርቡ የሴቶች ማኅበራት በብዙ የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራሉ። የሚጠይቀው ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የአቅራቢነት ምዝገባና የማያቋርጥ ጥራት ነው። አስቸጋሪው ነገር ክፍያ ነው። ከመንግሥት ተቋም ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገንዘቡ አይጠፋም፣ ግን ይዘገያል። ዛሬ ጤፍ በጥሬ ብር ገዝቶ ከሁለት ወር በኋላ የሚከፈለው ሰው ካፒታል ከሌለው ይሰበራል።

እዚህ ላይ ብድር ይገባል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ብዙ ሰው «አብቁተ» የሚለው፣ ዋና መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ነበር። በቡድን ዋስትና ለገበሬና ለትንሽ ነጋዴ ሲያበድር ኖሮ በኋላ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ለትንሽ ነጋዴ የሚሆን ብድር የሚሰጥ ተቋም ባደገበት ከተማ ነው የምንኖረው። እኔ ለአንድ እንጀራ ማኅበር የምመክረው ብድሩን ለምጣድ መግዣ ሳይሆን ለዚያ ሁለት ወር ክፍተት መሸፈኛ እንዲጠይቅ ነው። ምጣድ በእቁብ ይገዛል። የክፍያ ክፍተት ግን በእቁብ አይሞላም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልህ አታውቅም።

ጥለት፣ ዓሣና እምቦጭ

አሁን ወደ ቆጨኝ ነገር ልመለስ።

ባሕር ዳር ሸማኔ አላት። ፋብሪካ አላት። የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አላት፤ ሥሩ ያው የ1955ቱ ፖሊ ነው። የኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች ዲዛይን ይሠራሉ፣ የፋሽን ትርዒት ያቀርባሉ። ትርዒቱ ሲያልቅ ግን ልብሱ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሸማኔው ደግሞ አባቱ ያስተማረውን ጥለት ይሠራል፤ ነጋዴው መጥቶ በሚነግረው ዋጋ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የባጃጅ መንገድ ነው። ማንም አልተሻገረውም ማለቴ አይደለም። ግን እንደ ሥራ ይዞ፣ ከተማሪው ዲዛይኑን ከሸማኔው እጁን አገናኝቶ፣ ለሁለቱም በውል የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል።

የት ይሸጣል ካላችሁ ቅድም የጠቀስኩትን የጂሲ ገበያ አስቡ። የባህል ልብስ ቀን አለ። ከሺዎች ተመራቂ የተወሰነው እንኳ ለዚያ ቀን እዚሁ የተሸመነ ነጠላ ወይም ጥለት ያለው ሸሚዝ ቢለብስ ለሸማኔው የወራት ሥራ ነው። ትእዛዙ በጥር ይወሰዳል፣ ቀብዱ ይከፈላል፣ ሥራው እስከ ግንቦት ይደርሳል። ሸማኔው በክረምት የሚበላው በዚያ ነው። ከዚያ የለመደው ልጅ ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ ጅግጅጋም ይሁን ጅማ፣ ልብሱን ይዞት ይሄዳል።

ዓሣው ሌላ ነው። ጣና ላይ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይወጣል። ነጭ ዓሣ የምንለው ብዙ ዝርያ ያለው ነው፤ ከሐይቁ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። በ2007 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ስለዚህ «ብዙ ማስገር» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ሐይቁ ደክሟል። ትርፉ ያለው ብዙ በማውጣት ሳይሆን የወጣውን ባለማበላሸት ነው። ከታንኳው እስከ መጥበሻው ባለው መንገድ በረዶ አይገኝም፤ ዓሣው በጀልባ ወለል ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ንጹሕ ሳጥን፣ በረዶና ፈጣን መጓጓዣ ያለው ትንሽ ሥራ ብዙ ዓሣ ሳያወጣ፣ የወጣውን ባለማበላሸት ብቻ ገቢ ያሳድጋል። ይህን የሚያውቁ የዓሣ ተመራማሪዎች ከተማዋ ውስጥ አሉ። በፆም ወቅት ዓሣ ፍለጋ የሚዞረው ሕዝብም አለ።

እምቦጭን ሁሉም ያውቀዋል። በ2004 አካባቢ ሐይቁ ላይ ታየ፤ ሰው በእጁ እየነቀለ፣ ማሽን እየተሠራ ብዙ ተታገለ። ከተነቀለ በኋላ ዳር ላይ የሚከመረው አረም ግን ሥራ ይፈልጋል። ኮምፖስት ይሆናል፣ ባዮጋዝ ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እምቦጭ ላይ የተመሠረተ ሥራ አረሙ እንዲቀጥል መፈለግ የለበትም። የባዮጋዝ ማምረቻው ደንገልና የከብት እበትም መቀበል የሚችል መሆን አለበት። ይህን ዓይነቱን ንድፍ ነው ከፖሊ ልጆች መጠየቅ ያለብን፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው በየዓመቱ ይሠራል፣ ይቀርባል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ሄዶ «የዘንድሮው ፕሮጀክታችሁ የእኔን ችግር ይፍታልኝ» ቢል የሚከለክለው የለም። ሞክሩት። መምህራኑ ደስ ይላቸዋል፤ እውነተኛ ችግር የሚያመጣላቸው ሰው ነው የሚፈልጉት።

ግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ዓባይ ማዶና ዘንዘልማ ከመሃል ከተማ ጋር የሚያገናኛቸው መንገድ ሰፋ። አሁን ነጋዴው ሁሉ ቦታ እየፈለገ ያለው ድልድዩ ዳር ነው፤ ካፌ ለመክፈት። ካፌ ጥሩ ነው። ግን በሌላው ጫፍ፣ በአዴት መንገድ፣ ማታ ሲመሽ ከሚኒባስ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። አንዷ እናት ፔስታል ይዛለች። ልጇ ውስጥ ተኝቷል። ሰባታሚት ላይ የመጀመሪያውን ያገኘችውን ሰው ታስቆማለች፦

«ልጄ፣ እዚህ የሚያሳድር ቤት ታውቃለህ?»